የኮምፒውተርን ፍጥነት ማን ይወስናል? ከ4.77 ሜጋኸርዝ እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ

«ስንት ጊጋ ነው?» ያገለገለ ኮምፒውተር ሊገዛ የመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ሻጩ «ሦስት ነጥብ ስድስት» ይላል፤ ገዢውም ቁጥሩን ልክ እንደ ዕቃው ክብደት የማይለወጥ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። ነገር ግን የፕሮሰሰር ፍጥነት አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የሞላው ቁጥር ነው። አንዳንዴ የሞላው ፋብሪካው ነው፤ አንዳንዴ ኮምፒውተሩን የገጣጠመው ሰው ነው፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ቺፑ ራሱ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየለዋወጠ ይሞላዋል።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ቁጥር ታሪክ ይተርካል። ታሪኩን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ደባርቅ ላይ ዕቃ አሰባስቦ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው አንድ ቺፕ ቢያቃጥል፣ ምትክ ፍለጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎንደር መውረድ፣ እዚያም ካጣ ከአዲስ አበባ ማስላክ አለበት። ከዚህ የባሰም አለ፦ ቺፑ ሳይቃጠል እየተሳሳተ ሊሠራ ይችላል። እንዴት የሚለውን እንመጣበታለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ለይተን ካልገለጽን በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ምቱ ምንድን ነው?

ማኅሌት የቆመ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። መዘምራኑ በሙሉ የሚንቀሳቀሱት ከበሮው ሲመታ ነው። ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲገባ ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ዝማሬውም አብሮ ይፈጥናል። ነገር ግን ወሰን አለው። ከበሮው ከልክ በላይ ከፈጠነ አንዱ እንቅስቃሴውን ሳይጨርስ ሌላው ምት ይመጣበታል፤ ያኔ ሰልፉ ይፋለሳል።

ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያሉት በሚሊዮን፣ ዛሬም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች የሚሠሩት በአንድ የኤሌክትሪክ ምት እየተመሩ ነው። ምቱን የሚያስጀምረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ናት። አንድ ሜጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት፣ አንድ ጊጋኸርዝ ማለት አንድ ቢሊዮን ምት ነው። በእያንዳንዱ ምት ሥራው በሰዓቱ ካለቀ መልሱ ትክክል ነው። ካላለቀ ደግሞ ቺፑ ያልበሰለውን መልስ እንዳለ ይዞ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ቀንና ሰዓት የሚይዘው፣ በክብ ባትሪ የሚሠራው የኮምፒውተር ሰዓት ሌላ ነው። የእርሱ ክሪስታል የሚመታው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ብቻ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቀኑ ይዛባል እንጂ ፕሮሰሰሩ አይዘገይም።

የቴሌቪዥን ቀለም የወሰነው ፍጥነት

አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ያስተዋወቀው በ12 ኦገስት 1981 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር እስከ 5 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የተፈቀደለት ነበር። ሆኖም የተሰጠው ፍጥነት 4.77 ሆነ። ለምን?

መልሱ ቴሌቪዥን ነው። መሐንዲሶቹ ኮምፒውተሩ ከአሜሪካ ባለቀለም ቴሌቪዥን ጋር እንዲገናኝ ፈለጉ። ለዚያ 14.31818 ሜጋኸርዝ የሚመታ ክሪስታል ይመቻል፤ ለአራት ሲካፈል የቴሌቪዥኑን የቀለም ምልክት ይሰጣል። ሁለተኛ ክሪስታል ከመግዛት ያንኑ ለሦስት ማካፈል ይረክሳል። 14.31818 ለ3 ሲካፈል 4.77 ይመጣል። እንግዲህ ዓለምን የለወጠው ኮምፒውተር ፍጥነቱ የተወሰነው በቺፑ አቅም ሳይሆን በአንዲት ክሪስታል ዋጋ ነበር ማለት ነው።

አይቢኤም በ1984 ያወጣው ኤቲ የተባለ ሞዴል ደግሞ በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር፤ ክሪስታሉ 12 ሜጋኸርዝ ሲሆን ለሁለት ይካፈላል። አንዳንድ ባለቤቶች ታዲያ ክሪስታሏን ነቅለው የ16 ሜጋኸርዝ ተኩባት፤ ኮምፒውተሩም በ8 ሜጋኸርዝ ተፈተለከ። ኩባንያው ይህን ሲያይ በቀጣዩ የባዮስ ስሪት ውስጥ ፍጥነቱን የሚለካ ፍተሻ ጨመረ፤ ከተፈቀደው ያለፈ ኮምፒውተር አልነሳም ይላል። በባለቤትና በፋብሪካ መካከል «ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው ጭቅጭቅ ሥሩ ይህን ያህል ሩቅ ነው።

ለማዘግየት የተሠራች ቁልፍ

የድሮ ኮምፒውተር ያየ ሰው «ቱርቦ» የምትባለዋን ቁልፍ ያስታውሳል። ብዙ ሰው የምታፈጥን ይመስለው ነበር። የተሠራችው ግን ለማዘግየት ነው። የያኔ ጨዋታዎችና ፕሮግራሞች ጊዜን የሚለኩት በ4.77 ሜጋኸርዝ ሂሳብ ነበር፤ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ሜጋኸርዝ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ሁሉም ነገር ይራወጣል። ቁልፏ ስትጫን ኮምፒውተሩ ወደ ድሮው እርጋታ ይመለሳል።

ቁልፏ ከጠፋች በኋላ እንኳ ችግሩ አልጠፋም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቱርቦ ፓስካል ተጽፈው ለዓመታት ያገለገሉ ፕሮግራሞች አዳዲስ ኮምፒውተር ላይ ገና ሲከፈቱ «ስህተት 200» እያሉ መውደቅ ጀመሩ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ለክቶ ውጤቱን በአንዲት ጠባብ ቦታ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩ በጣም ሲፈጥን ቁጥሩ ከቦታው ይተርፋል። መፍጠን ብቻውን በረከት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ማባዣ፣ ጃምፐርና እርሳስ

በ1992 ኢንቴል 486 ዲኤክስ2 የተባለውን ቺፕ አወጣ። አዲሱ ዘዴ ይህ ነው፦ ማዘርቦርዱ በ33 ሜጋኸርዝ ይመታል፤ ቺፑ ግን ውስጡ ሁለት እጥፍ፣ 66፣ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሆነ፤ የመሠረቱ ምት ሲባዛ በማባዣው። 66 ሲባዛ በ2.5 ስንል ወደ 166 ይሰጠናል።

ማባዣው እንደ መኪና ማርሽ ነው። ሞተሩ በአንድ ዙር እየዞረ ጎማውን በተለያየ ፍጥነት ማስኬድ ይቻላል። በፔንቲየም ዘመን ይህን ማርሽ የሚቀይረው ገጣጣሚው ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ጥፍር የሚያህሉ መሸፈኛዎች አሉ፤ በየትኛው ሹል ላይ እንደተሰኩ ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ቮልቴጁም እንዲሁ። አንዱን ጃምፐር አሳስቶ የሰካ ሰው ቺፑን በሴኮንዶች ሊያጣው ይችላል።

ለምን ከተጻፈው በላይ ማስኬድ ይቻላል? ቺፖች የሚመረቱት እንደ እህል ነው። ከአንድ አውድማ የወጣ እህል በወንፊት እንደሚለይ፣ ከአንድ ሰሌዳ የተቆረጡ ቺፖችም ተፈትነው «ይህ ለ300፣ ይህ ለ450» ተብለው ይለያሉ። ነገር ግን ገበያው ርካሹን በብዛት ከፈለገ ፋብሪካው ጎበዙንም ቺፕ «300» ብሎ ይሸጠዋል። ነሐሴ 1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ታዋቂ የሆነው ለዚህ ነው። 66 ሲባዛ በ4.5 ወደ 300 ነው፤ የመሠረቱ ምት ወደ 100 ከፍ ሲል 450 ይሆናል። ብዙዎቹ ቺፖች ይህን ያለ ችግር ቻሉት። በዚያው ዓመት እንደ አቢት ቢኤች6 ያሉ ማዘርቦርዶች ጃምፐሩን ትተው ማስተካከያውን ወደ ባዮስ ስክሪን አመጡት፤ ክዳን መክፈትም ቀረ።

ይኸው ጥበብ ለሌቦችም አገለገለ። አንዳንድ ነጋዴዎች የዘገየውን ቺፕ ጽሑፍ ፍቀው የፈጣኑን ቁጥር አትመው በፈጣኑ ዋጋ ሸጡት። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ማባዣውን ቺፑ ውስጥ ሲቆልፈው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ማጭበርበር ነበር። ኤኤምዲም ቆለፈ፤ ግን የእርሱ ቁልፍ በቺፑ ገጽ ላይ የተቆረጡ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ነበሩ። በ2000 ሰዎች አንድ ነገር አገኙ፤ መስመሮቹን በተራ እርሳስ ማገናኘት ይቻላል። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። ተማሪ ቤት የምንጽፍበት እርሳስ የፋብሪካን ቁልፍ ከፈተ።

ግድግዳው

ያ ዓመት የውድድሩ ጫፍ ነበር። በ6 ማርች 2000 ኤኤምዲ የ1 ጊጋኸርዝ ቺፕ አወጀ፤ ኢንቴል ከሁለት ቀን በኋላ ተከተለ። በዚያው ዓመት ኢንቴል 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 አወጣ። ቺፑ ዊንዶውስ ያስነሳል፣ ጨዋታም ያጫውታል። የሊኑክስን ከርነል ማዘጋጀትን የመሰለ ረጅም ሥራ ሲሰጠው ግን ይሳሳታል። ገለልተኛ ፈታኞች ይህን አጋለጡ፤ ኩባንያው በነሐሴ 2000 ቺፑን ከገበያ ሰበሰበ። ልብ በሉ፤ ከልክ በላይ የተቸኮለው እዚህ ላይ የቤት ገጣጣሚ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ነበር።

ከዚያ ሙቀት መጣ። አንድ ቺፕ የሚበላው ኃይል፣ በግርድፉ፣ ፍጥነት ሲባዛ በቮልቴጅ ሲባዛ እንደገና በቮልቴጅ ነው። ፍጥነቱን 10 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁንም 10 በመቶ መጨመር ካስፈለገ፣ 1.1 ለሦስት ጊዜ ይባዛል፤ ኃይሉ 33 በመቶ ይጨምራል። ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባሳተመው ጥናት ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቶ ነበር፤ ለ30 ዓመታት ያህል ፍጥነት ያለ ብዙ ሙቀት የጨመረው በዚያ መንገድ ነው። ትራንዚስተሮቹ በጣም ሲያንሱ ግን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ቮልቴጁም ከዚያ በታች አልወርድ አለ። ኢንቴል በ2004 ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 የማውጣት እቅዱን ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቺፕ ከማስሮጥ ብዙ ኮር አድርጎ ሥራውን ማከፋፈል ተመረጠ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ጸጥ ያለ ነው። በ2008 ኮር አይ7 ቱርቦ ቡስት የሚባል ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። ቺፑ የራሱን ሙቀትና የሚበላውን ኃይል እየለካ፣ ቦታ ካለው ይፈጥናል፤ ካልሆነ ይቀዘቅዛል። የድሮዋ ቱርቦ ቁልፍ በሰው ጣት ትታዘዝ ነበር፤ ይህኛው ማንንም አይጠይቅም። በ2011 ደግሞ ኢንቴል የመሠረቱን ምት ከሌሎች የኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር አንድ ላይ ስላሰረው፣ የሴሌሮንን ዘዴ መድገም የማይሞከር ሆነ። ማባዣው ክፍት የሆነ ቺፕ የፈለገ ሰው ስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ያለበትን ገንዘብ ጨምሮ ይገዛል።

የመብራት ሂሳብ ፍጥነትን ሲወስን ማየት የፈለገ ሰው ሩቅ አይሄድም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ከ20 በላይ ከሚሆኑ የቢትኮይን ኩባንያዎች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል ገብቶ ነበር። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች የማሽኖቻቸውን ምትና ቮልቴጅ የሚመርጡት በአንድ ስሌት ነው፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ሂሳብ ይሠራል? መብራት ሲወደድ ያዘገያሉ፤ ሲረክስ ያፈጥናሉ። ለቤት ኮምፒውተርም ጥያቄው ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል።

ዳሸን የተባለው ስም

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፊደላችን የት ነበር? በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበረው መሐንዲስ ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚባል ድርጅቱ በግል ኮምፒውተር ላይ ግዕዝ የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። የድርጅቱ ስም ከአምባራስ ማዶ ያለውን የአገራችንን ትልቁን ተራራ ያስታውሳል።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። የያኔው ኮምፒውተር ለፊደላት የመደበው 256 ቦታ ነው፤ መሠረታዊዎቹ የእኛ ፊደላት ብቻ 33 ሲባዙ በ7፣ 231 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ፣ የላቲኑም ሳይነካ፣ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ለማሳየት ለእንግሊዝኛ የማያስፈልግ ተጨማሪ ዘዴና ሥራ ይጠይቃል። ፈጣን ኮምፒውተር ለእኛ ቅንጦት ያልነበረው በዚህ ምክንያትም ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው።

ደባርቅ ላይ ምን ይለወጣል?

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳንቃበርን አልፎ ያለው አምባራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ ድስት የጣደ ሁሉ በምስሩ መዘግየት ያውቀዋል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው።

የኮምፒውተር ማራገቢያ የሚገፋው ደግሞ ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። በደቂቃ ያው ያህል ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳልፈው አየር ግን ቀላል ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። በግርድፉ ስናሰላው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ቺፕ ደባርቅ ላይ ከ48 እስከ 50 ዲግሪ ይበልጣል።

ታዲያ ደጋ ለኮምፒውተር ክፉ ነው? አይደለም። ሌላውን ጎን እንደምር። የደባርቅ ክፍል 16 ዲግሪ ቢሆን ቺፑ 65 አካባቢ ይደርሳል። ያንኑ ኮምፒውተር ይዘን መተማ ብንወርድ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቺፑ ከክፍሉ በ42 ገደማ ብቻ ይበልጣል። ግን በበጋ ክፍሉ ራሱ 38 ሊሆን ይችላል፤ ድምሩ 80 ነው። ብርዱ የአየሩን መሳሳት ክሶ ትርፍ ይሰጣል። ችግር የሚመጣው ያን ትርፍ ሁለት ጊዜ ስንበላው ነው፤ «ብርድ ነው» ብለን ቮልቴጅ እንጨምራለን፤ የምድጃው ጭስና የመንገዱ አቧራ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ይደፍናቸዋል። አዲሱ ቺፕ በበኩሉ ቅዝቃዜውን አይቶ ራሱ ይፈጥናል፤ ከእኛ ምንም አይጠብቅም።

አንድ ሌላ ከፍታ ነክ ጉዳይ አለ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ከሰሌዳው ጋር ሳይነካካ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል። ብዙ ፋብሪካዎች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደባርቅ ከገደቡ በታች ናት፤ አምባራስ ግን አልፎታል። እዚያ ለሚሠራ ሰው ፕሮሰሰሩን ከማፍጠን ይልቅ የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ መግጠም ይቀድማል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና የሚወርድ ሹፌር በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። መኪናው መሮጥ ስለማይችል አይደለም። መንገዱን ስለሚያውቅ ነው። ቤቱ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰውም ከዚህ ታሪክ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ያገለገለ ማዘርቦርድ የቀድሞ ባለቤቱን ማስተካከያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት የባዮስን ገጾች ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካው መነሻ መልሱት። ቺፑ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ቺፑ ማንነቱን ውስጡ ይዞታል፤ እንደ ሲፒዩ-ዚ ያለ ነጻ ፕሮግራም ያነብላችኋል። ስሙና የሚሠራበት ፍጥነት ካልተጣጣሙ አንድ ሰው ነካክቶታል።

ከዚያ ሙቀቱን ለኩ፤ አቧራውን ጥረጉ፤ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ቀይሩ። ብዙ ጊዜ «ዘገየ» የተባለ ኮምፒውተር የሚዘገየው ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ነው፤ ከጸዳ የጠፋውን ፍጥነት ያለ አንዳች ማስተካከያ ይመልሳል።

ቁጥር መንካት ካስፈለገ አንድ በአንድ ንኩ፤ በእያንዳንዱ መካከል ረጅም ፈተና ስጡት። ፈተናው መልሱ የሚታወቅ ከባድ ስሌት ይሁን፤ ለሰዓታት ይሂድ። ዊንዶውስ መነሳቱ ማስረጃ አይሆንም፤ በ2000 የተሰበሰበው ቺፕም ዊንዶውስ ያስነሳ ነበር። በትንሹ የተሳሳተ ፕሮሰሰር ስክሪኑን አያጠፋም። የመመረቂያ ጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት ቁጥር ይቀይራል፤ የተጨመቀ ፋይል ያበላሻል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ጥፋቱ በኮምፒውተሩ መሆኑን እንኳ የሚጠረጥር የለም።

በመጨረሻም፣ ስሌቱን ወደ ታች ሞክሩት። ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም 10 በመቶ ብንቀንስ 0.9 ለሦስት ጊዜ ይባዛል፤ ኃይሉ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። 10 በመቶ ፍጥነት ሰጥተን 27 በመቶ ኃይልና ሙቀት እናተርፋለን። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ላይ የጀመርነውን ጽሑፍ ለማስቀመጥ የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎች ይጨምርልናል። ባለፉት 40 ዓመታት ቁጥሩን የወሰኑት የቴሌቪዥን ቀለም፣ የገበያ ፉክክርና የፋብሪካ ቁልፍ ነበሩ። ቤቱ የገጣጠመ ሰው ግን ለራሱ ክፍል፣ ለራሱ መብራትና ለራሱ ሥራ የሚስማማውን ቁጥር መምረጥ ይችላል።